89 የወንጌል ምዕራፍ በ89 ቀን ጨረስኩ፤ ልቤ ውስጥ ግን ምንም አልቀረም

የጀሞ_ልጅ
መጋቢት 30፣ ከምሽቱ 3:15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል።

ጥር 1 ላይ አራቱን ወንጌል በቀን አንድ ምዕራፍ እያልኩ ልጨርስ ብዬ ወሰንኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ማቴዎስ 28፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 21። ድምሩ 89። ትናንት ጨረስኩ። አንድም ቀን አላጎደልኩም። ከጀሞ መገናኛ ታክሲ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ አንዴም ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ አንብቤያለሁ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ «89 ተከታታይ ቀን» ብሎ ርችት ተኮሰልኝ።

አሁን እራት ላይ ባለቤቴ «እስቲ ትናንት ያነበብከውን የመጨረሻውን ምዕራፍ ንገረኝ» አለችኝ። ልትፈትነኝ አይደለም፤ የምሯን መስማት ፈልጋ ነው። «ዓሣ የሚያጠምዱበት ነው መሰለኝ» አልኳት። «እሺ፣ ከዚያስ?» ዝም። «ምን ገረመህ?» አሁንም ዝም። ሽሮውን ነካ ነካ አድርጌ ተነሣሁ።

ይባስ ብሎ ባለፈው ሐሙስ ታክሲ ውስጥ ዮሐንስን እያነበብኩ ከረዳቱ ጋር በ5 ብር መልስ ተጣልቻለሁ። ወንጌሉ እጄ ላይ እንደተከፈተ ሰው ሰደብኩ። ጎኔ የተቀመጡት እናት አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አዩ። ምንም አላሉም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በየቀኑ የምታነቡ ሰዎች እንዴት ነው የምታደርጉት? ማንበብና መለወጥ የሚገናኙት የት ጋ ነው? ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የሌላውንም ምክር እሰማለሁ። የሃይማኖት ክርክር ግን ባትጀምሩብኝ ደስ ይለኛል።

ነገር_በአጭሩ

ታክሲ ውስጥ አታንብብ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥ። አለቀ።

የጀሞ_ልጅ

ወንድም፣ 11 ሰዓት ላይ እኮ እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።

የሐዋሳዋ

ወንድሜ አይዞህ። እኛ ወንጌላውያን ጋ ይሄ በየቀኑ አንብቦ ማሰላሰል «ጥሞና» ይባላል። ከ17 ዓመቴ ጀምሮ ጥሞና እወስዳለሁ። ለማድነቅ ግን አትቸኩል፤ ገና አልጨረስኩም።

ሰባት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዤ ጽፌያለሁ። ምን ይላል? ምን ማለት ነው? ለእኔስ ምን ይለኛል? ሦስቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። አምና ቤት ስንቀይር ደብተሮቹን ካርቶን ውስጥ አገኘኋቸውና ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። አፈርኩ። «ጌታ ዛሬ ስለ ትዕግሥት አስተማረኝ።» «ጌታ ዛሬ ስለ ይቅርታ አስተማረኝ።» ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። ማንን ይቅር እንዳልኩ የተጻፈ የለም። የአንድ ሰው ስም እንኳ የለም። ለካ ጥናት ላይ ስጠየቅ እንዳላፍር ነበር የምጽፈው።

አሁን የማነበው ከስድስት እስከ ዐሥር ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ፤ ሁለተኛውን ድምፄን አውጥቼ። ከዚያ አንድ መስመር እጽፋለሁ። መስመሩ ስም ወይም ሰዓት ከሌለው እሰርዘዋለሁ። «ስለ ይቅርታ» አይፈቀድም። «ምሳ ሰዓት ላይ ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ ሰላም እላለሁ» ይፈቀዳል።

ማርቆስን እንዲህ ስጀምር «ወዲያው» የምትለዋ ቃል አላስቀምጥ አለችኝ። ከአራቱ አጭሩ ወንጌል እሱ ነው፤ በግሪኩ ግን ይቺ ቃል 40 ጊዜ ያህል ትመላለሳለች። ስምዖንና እንድርያስ ወዲያው መረባቸውን ትተው ተከተሉት። እኔ ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ ሰላም ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ዲያቆኑ_ከደሴ

ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን ወንድሜ።

የእህታችን ደብተር ጥሩ ነው። እኔ ግን ከየት ልጀምር ብለህ እንዳትጨነቅ ግጻዌን ልጠቁምህ። የዕለቱን የጳውሎስ መልእክት፣ የሐዋርያትን መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራውን፣ ምስባኩን (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) እና ወንጌሉን ለይቶ የሚያወጣው መጽሐፍ ነው። ጥቅሙ አንተ አለመምረጥህ ነው። ሰው ራሱ ሲመርጥ የሚወደውን ብቻ ይመርጣል። እኔ ቢለቁኝ ዓመቱን ሙሉ የጠፋውን ልጅ ሳነብ እከርም ነበር፤ «በእሳት ይጣላል» የሚለውን አልፌ።

አሁን ያለንበት ሳምንት ኒቆዲሞስ ነው፤ የዐቢይ ጾም ሰባተኛው። ለምን እሱን አትይዘውም? 89 ምዕራፍ ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ። በዮሐንስ ወንጌል ሦስት ቦታ ይገኛል።

መጀመሪያ ምዕራፍ 3 ላይ በሌሊት መጣ። መምህሮቻችን ለምን በሌሊት መጣ ሲባሉ አንድ ምክንያት ሰጥተው አያቆሙም። አይሁድን ፈርቶ ነው። አንድም መምህር ሆኖ ሳለ ሲማር እንዳይታይ አፍሮ ነው። አንድም ሌሊት ልብ የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ሦስቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ምዕራፉም «አመነና ሄደ» አይልም። ጥያቄውን ጠይቆ ጨዋታው መሐል ይጠፋብናል።

ሁለተኛው ምዕራፍ 7 ላይ ነው። ሸንጎው ጌታን ሊያስይዝ ሲል «ሕጋችን ሳይሰማ በሰው ይፈርዳል ወይ?» አላቸው። ይኸው ነው። «የእርሱ ነኝ» አላለም። ግማሽ አፍ ነው የተናገረው፤ ለዚያውም «አንተም ከገሊላ ነህ እንዴ?» ብለው ዝም አሰኙት።

ሦስተኛው ምዕራፍ 19 ነው። እነ ጴጥሮስ በሸሹበት ሰዓት መቶ ነጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ ለመቅበር መጣ። 33 ኪሎ ገደማ ነው። በሌሊት ተደብቆ የመጣ ሰው 33 ኪሎ ተሸክሞ ሊደበቅ አይችልም። እንዲያም ሆኖ ዮሐንስ «ቀድሞ በሌሊት የመጣው» እያለ ነው የሚጠራው። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ቆም እላለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ለእህቴም ጭምር። «ለእኔስ ምን ይለኛል» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ያስፈራኛል። እያንዳንዱ የመሰለውን ከተረጎመ መጨረሻው ጥሩ አይሆንም። አንድምታውን፣ ማለት የአባቶችን ትርጓሜ፣ አብረህ እይ፤ ካልሆነም የሐዲስ መምህር ጠይቅ። በሐዋርያት ሥራ 8 ያለው የኛው ጃንደረባ እንኳ ኢሳይያስን እያነበበ በሠረገላው ተቀምጦ ፊልጶስን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል» ነው ያለው።

የሐዋሳዋ

ዲያቆን፣ ስለ ኒቆዲሞስ የጻፉትን ወድጄዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ገልብጬዋለሁ። ግን ጃንደረባው ፊልጶስ ሳይመጣ ማንበብ ጀምሮ ነበር እኮ። ባያነብ ኖሮ ፊልጶስ ምን ብሎ ይጠይቀው ነበር?

ዲያቆኑ_ከደሴ

ይቺን አልጠበቅኳትም 😄 ልክ ነሽ። ማንበቡን አልከለከልኩም፤ ፊልጶስን ከሠረገላው አታውርዱት ነው ያልኩት።

ነገር_በአጭሩ

ክርክር አትጀምሩብኝ ተብሎ አልነበር?

ከሪያድ

እኔ እንደናንተ አዋቂ አይደለሁም። ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ይህን ክር አንብቤ መተኛት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ አልመጣሁም። ስልኬ ላይ ነው ያለው። ሥራ የምጨርሰው እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ዐሥር ደቂቃ አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ቁጥር ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስልኩ ፊቴ ላይ ወድቆ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ስለዚህ በቀን አንድ ነገር ብቻ ይዤ መዋል ጀመርኩ። ማሰላሰል የምትሉት ይሄ ከሆነ እኔ የማሰላስለው ልብስ ስተኩስ ነው።

የአባወራውና የሦስት ወንዶች ልጆች ቶብ አለ። ነጭ ነው። ረጅም ነው። ጫፉ ካልተስተካከለ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን ሉቃስ 8 ላይ ያለችውን፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት ይዤ ዋልኩ። ያንን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የልብሱን ጫፍ ነካችና ዳነች፤ በቃ። በዚያ ቀን ግን የቶቡን ጫፍ ይዤ ሳለሁ አንድ ነገር ታየኝ። ጫፍ ለመንካት እኮ ጎንበስ ማለት አለባት። ሰው በሚጋፋበት መሐል መሬት አጠገብ ናት። ማንም አላያትም። እሷም መታየት አልፈለገችም፤ ነክታ ልትሄድ ነው። እሱ ግን «ማን ነው የነካኝ?» ብሎ ቆመ። ጴጥሮስ ሰው ሁሉ እያጋፋህ እንዴት ማን ነካኝ ትላለህ ሲለው እንኳ አልሄደም። እስክትወጣ ጠበቃት። ከዚያ «ልጄ ሆይ» አላት።

እዚህ ቤት በስሜ አይጠሩኝም። ካውያውን አስቀምጬ አለቀስኩ። ቶቡ እንዳይቃጠል ግን መጀመሪያ ነቅያለሁ።

መለወጡን አላውቅም። የጀሞው ወንድሜ የጠየቀው እሱን ነው አይደል? እኔ በዚያ ቀን የተለወጥኩት ይሄን ብቻ ነው። በማግስቱ የጎረቤቱን ቤት አትክልተኛ ስሙን ጠየቅኩት። የባንግላዴሽ ሰው ነው። ሁለት ዓመት በሩ ላይ እያየሁት ስሙን አላውቅም ነበር።

የጀሞ_ልጅ

እህቴ፣ ይሄን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለባለቤቴም አነበብኩላት።

ጡረተኛው_መምህር

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሪያድ የጻፍሽው ልጄ፣ «አዋቂ አይደለሁም» ያልሽውን ሰርዢው።

እኔ 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። የጀሞው ልጅ ችግር በዘመናችን የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንጾኪያ ላይ ማቴዎስን በ90 ድርሳን፣ ዮሐንስን በ88 ድርሳን ሲያስተምር፣ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን ክፍል ቀድማችሁ ቤታችሁ አንብባችሁ ኑ ይል ነበር። ሕዝቡ ምን ብሎ እንደሚመልስለትም እዚያው ጽፎታል። እኔ መነኩሴ አይደለሁም፤ ሚስት አለኝ፤ ልጆች አሉኝ፤ ቤት አስተዳድራለሁ። ታክሲ ሰልፍ የሚለው ብቻ ነው የጎደለው።

የእኔ መንገድ መገልበጥ ነው። የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቼ በቀን አምስት ስድስት ቁጥር በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። እጅ ከዓይን ይዘገያል። ዓይን ዘሎ የሚያልፈውን እጅ መጻፍ ግድ ይለዋል። አማርኛው ወንጌልም በዘገምታ የመጣ ነው። አቡ ሩሚ የሚባለው ኢትዮጵያዊ ካይሮ ውስጥ ሲተረጉም፣ ያሠራው ፈረንሳዊ ቆንስል እንደመሰከረው፣ ለ10 ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን በር ዘግተው ቁጥር በቁጥር ነበር የሚሄዱት። አራቱ ወንጌላት በ1824 እ.ኤ.አ. ታተሙ፤ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840። እነሱ በሙሉው መጽሐፍ ላይ 10 ዓመት ቁጥር በቁጥር ሄዱ፤ እኛ ወንጌሉን በ89 ቀን ሮጠን ጨርሰን ምንም አልቀረልንም ብለን እናዝናለን።

አሁን የማልኮራበትን ልንገራችሁ። አባታችን ሲሞቱ አንድ ቤት ጥለው አለፉ። በእሱ ሰበብ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ተዘጋግተናል። ፍርድ ቤት ደርሰናል። እኔ ነኝ ያሸነፍኩት፤ ወረቀቱም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አምና ሉቃስን ስገለብጥ ምዕራፍ 12 ላይ ደረስኩ። አንድ ሰው ከሕዝቡ መሐል መጥቶ፣ መምህር ሆይ ርስቱን እንዲያካፍለኝ ለወንድሜ ንገረው ይላል። ጌታ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? ፈራጅና አካፋይ አድርጎ ማን ሾመኝ አለው። ቀጥሎም ከመጎምጀት ተጠበቁ አለ።

እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ስጸልይ የነበረው የዚያን ሰውዬ ጸሎት ነው። ቃል በቃል። ሲፈረድልኝም ጌታ የፈረደልኝ መስሎኝ ስለት አስገብቻለሁ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «አካፋይ» የሚለው ቃል ላይ ቀለሙ ፈሶ ነጠብጣብ ሠርቷል፤ እስካሁን አለ።

ለወንድሜ ደወልኩ። አላነሣም። ሁለተኛም ደወልኩ፤ አላነሣም። ለፋሲካ ሰው ልኬበታለሁ። እስካሁን የሰማሁት የለም። ያለሁት እዚህ ጋ ነው።

የሐዋሳዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርዎ። የወንድምዎን ልብ ያራራልን።

ጠያቂው

ልበጥብጥና ልውጣ። እኔ የማውቃቸው በየቀኑ ወንጌል የሚያነቡ ሰዎች ከማያነቡት ምንም አይሻሉም። አንዳንዶቹ ይብሳሉ፤ ምክንያቱም አሁን ጥቅስ አላቸው። ሰው ራሱን ለመሸንገል እንደ ሃይማኖታዊ ልማድ የሚመቸው ነገር የለም።

ጡረተኛው_መምህር

ልክ ነህ ልጄ። እኔ ያው ነኝ፤ ከላይ ጽፌልሃለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት አንብቤ ነው ያልገባኝ። ቀድሞ ስላላነበብኩ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በማቴዎስ 21 ሁለት ልጆች አሉ። አንዱ እሺ ብሎ ቀረ፤ ሌላው እምቢ ብሎ ሄደ። አንተ እምቢ የሚለውን ትመስላለህ። ብቻ ወይን ቦታው እንዳይርቅህ።

ባለ_18_ጎማው

ከአሜሪካ ነኝ፤ የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ሁላችሁም ትንሽ ትንሽ አንብቡ እያላችሁ ነው። እኔ ትንሽ ልቃወም።

አይ-80 ላይ ነብራስካን ስታቋርጡ ከበቆሎ በቀር የሚታይ የለም። ድሮ ሙዚቃ ነበር የምሰማው። አንድ ቀን ማርቆስን በድምፅ ከፈትኩትና ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከአንድ ፊልም ያንሳል! ሠላሳ ምናምን ዓመት ክርስቲያን ሆኜ አንድ ወንጌል ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቁጭታ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቁርጥራጭ ስታነቡ የማታዩትን ልንገራችሁ። ጌታ ስለ ሞቱ በግልጽ የሚነግራቸው ሦስት ጊዜ ነው፤ ምዕራፍ 8፣ 9 እና 10። ሦስቱንም ጊዜ ወዲያው ደቀ መዛሙርቱ ያበላሹታል። አንዴ ጴጥሮስ ሊገሥጸው ይነሣል። አንዴ በመንገድ ላይ ማን ይበልጣል ብለው ይከራከራሉ። አንዴ ያዕቆብና ዮሐንስ በቀኝና በግራ ወንበር ይጠይቃሉ። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ስታነብ ይሄ አይታይህም፤ በመሐል ተኝተህ ተነሥተሃላ። እኔ ግን መሪ እንደጨበጥኩ ሦስተኛው ላይ ስደርስ «አሁንም?!» ብዬ ብቻዬን ጮኽኩ።

ሌላም አለ። ይህ ክፍል በሁለት ዕውሮች መሐል ነው ያለው። መግቢያው ላይ የቤተ ሳይዳው አለ፤ ጌታ እጁን ሲጭንበት መጀመሪያ ሰዎችን እንደ ዛፍ ነው ያየው፤ ሁለተኛ ሲጭንበት ነው ጥርት ያለለት። መውጫው ላይ ደግሞ በርጤሜዎስ አለ። በመሐል ያሉት ዓይናማዎቹ ናቸው ምንም የማይታያቸው። ይሄን ፓስተርም ቄስም አልነገረኝም። መንገዱ ነው የነገረኝ።

ስለዚህ የጀሞው ልጅ፣ 89ኙን ማንበብህን አትናቀው። ሰዎችን እንደ ዛፍ ያየህበት ጊዜ ነው በለው። አሁን ደግሞ ቀርበህ እይ።

አንድ ነገር ግን ልመን። በድምፅ ስሰማ ጆሮዬ ይሰማና ልቤ ነዳጅ ማደያ ፍለጋ ይሄዳል። እንደ እህታችን ካውያውን የምነቅልበት ጊዜ የለኝም። ስቆም ነው የማስበው፤ ከሞላሁ በኋላ፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ አምስት ደቂቃ።

የጀሞ_ልጅ
ሚያዝያ 21፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም። እንኳን አደረሳችሁ። ጠፍቼ አይደለም፤ ያላችሁኝን ስሞክር ነው።

ኒቆዲሞስን ያዝኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ምዕራፍ 3ን ብቻ፤ ከቁጥር 1 እስከ 10። ታክሲ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ ሌላ ቦታ የለኝም። ሁለተኛው ቀን ላይ ሰለቸኝ፤ ልዋሽ አልፈልግም። ሦስተኛው ቀን ላይም ሰለቸኝ። አራተኛው ቀን «በሌሊት» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። እኔም ወንጌልን የማነበው ስልኬን ወደ ራሴ አዘንብዬ፣ ጎኔ ያለው ሰው እንዳያይ ነው። ለምን? ከተናደድኩ እንዳያፍርብኝ። የዚያን ሐሙስ እናት ትዝ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ቀጥ አድርጌ መያዝ ጀመርኩ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሰው እንደሚያይህ ስታውቅ ረዳቱን በሰላም ነው የምታናግረው።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ስግደቱ አድክሞኝ ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁ። ወንጌሉ ሲነበብ ዮሐንስ 19 ላይ ደረሰና «ኒቆዲሞስ» ሲባል ቀና አልኩ። የማውቀው ሰው ስም የተጠራ መሰለኝ። በየዓመቱ ይነበባል እኮ! ስንት ዓመት ቆሜ ሰምቼው ስሙ እዚያ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። በዳግም ትንሣኤ ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ከሰል ታራግባለች። «ዕዳህን ክፈል፤ ያንን የዓሣውን ምዕራፍ አንብብልኝ» አለችኝ። ዮሐንስ 21ን ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላት። ከባሕሩ ሲወጡ ፍምና በላዩ ዓሣ እንዳዩ ይናገራል። ማራገቧን ተወችና «ቆይ፤ ጴጥሮስ የካደ ጊዜም እሳት እየሞቀ አልነበር?» አለች። ወደ ኋላ ገልጬ ምዕራፍ 18ን ፈለግሁ። ቁጥር 18። ብርድ ነበረና ፍም አንድደው ይሞቁ ነበር፤ ጴጥሮስም አብሯቸው ቆሞ ይሞቅ ነበር።

ሁለታችንም ከሰሉን አየነው። የከሰል ሽታ ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ላይ ይቀራል። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ የካደው በዚያ ሽታ መሐል ነው። ጌታም ቁርስ ሲያዘጋጅለት እሳቱን ፍም አደረገው። ከዚያ ነው «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ የጠየቀው። ስለ ካደው ነገር አንድ ቃል አላነሣበትም። ሽታው በቂ ነበር።

ቡናው ገነፈለ።

ይህን ምዕራፍ መጋቢት 29 ቀን አንብቤ «ዓሣ የሚያጠምዱበት ነው መሰለኝ» ብያለሁ። እናንተው ፍረዱ።

ከረዳቱ ጋር እስካሁን አልተገናኘንም። 5 ብሯን ለይቼ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ሌላ ረዳት ላይ ግን ትናንት ተቆጥቻለሁ። አልሰደብኩም፤ በፊቴ ነው። ያም አለ።

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። መምህር ናት። በግሪኩ ይህ የከሰል ፍም የሚለው ቃል በሐዲስ ኪዳን ሙሉ የሚገኘው በነዚሁ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው። እሷ ያለ ግሪክ ደረሰችበት።

ወንድሜ ለፋሲካ የላክሁትን ሰው አስገብቶ ቡና አጠጥቶታል። መልእክት ግን አልላከም።

ዲያቆኑ_ከደሴ

ጋሼ፣ ቡና ካጠጣ እንደ ኒቆዲሞስ ምዕራፍ 7 ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ባለ_18_ጎማው

እኔ ማርቆስን ለአራተኛ ጊዜ ሰማሁት። አሁን ደግሞ የሐዋሳዋ ስላለች «ወዲያው» እያልኩ በጣቴ መሪው ላይ ስቆጥር መውጫዬን አለፍኩት። 20 ማይል ነው የዞርኩት።

የሐዋሳዋ

😂 በእኔ አታሳብብ!

የጀሞ_ልጅ

ረስቼው። አንድ ምዕራፍ ላይ ስለቆየሁ አፑ ከዚህ በፊት ያነበብኩትን አይቆጥርልኝም። ዛሬ ጠዋት መልእክት ላከልኝ፤ «ተከታታይ ቀንዎ ተቋርጧል፤ እንደገና ይጀምሩ» ይላል።

ከሪያድ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ 😊

እኔ ዛሬ ዮሐንስ 21 ልጀምር ነው። ከሰል የለንም እንጂ ከሽታው ጋር ባነበው ደስ ባለኝ። እስከ ቁጥር 3 ደርሼ ነበር፤ ደወሉ ጮኸ፤ ማዳም ናት። ነገ እቀጥላለሁ።